ሌሊት 10 ሰዓት ከ40 ላይ የምትደርሰው ሚኒባስ፦ ከቦሌ አራብሳ ወደ አየር ማረፊያ የሚሄደው የሠራተኞች ሰርቪስ

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም እየኖርን አየር ማረፊያ ግቢ ውስጥ የምንሠራ ሰዎች ጥቂት አይደለንም። ጭነት የሚያስተናግዱ፣ ሻንጣ የሚፈትሹ፣ የበረራ ምግብ የሚያዘጋጁ፣ ጽዳት የሚሠሩ አሉ። እኔ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሺያን ነኝ። የምሠራበት ድርጅት ጥቂት ትናንሽ አውሮፕላኖች ብቻ ስላሉት የራሱ ሰርቪስ የለውም፤ የመጓጓዣ አበል ይሰጠናል፣ መንገዱን በየራሳችን እንወጣዋለን። የጠዋቱ ፈረቃ 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ከዚያ በፊት በር ላይ ፍተሻ አለ፣ ልብስ መቀየር አለ፣ ከሌሊቱ ፈረቃ ጋር ርክክብ አለ፤ 11 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ በሩ ላይ መገኘት ግድ ነው። በዚያ ሰዓት ከአራብሳ ታክሲ ማግኘት ከባድ ነው። ቢገኝም ሰው እስኪሞላ ይቆማል።

ይህን የምጽፈው ላለፉት ሰባት ወራት ስለተገለገልኩበት አንድ የግል ሰርቪስ ነው። ባለቤቱም ሾፌሩም አንድ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። መኪናቸው ኮድ 3 ሀይሩፍ ሚኒባስ ነው፤ ነጭ ቀለሙ ከጎኑ ትንሽ ተፍቋል። ከኮንዶሚኒየሙ ሁለት ቦታ ላይ ሰው ያነሳሉ። የመጀመሪያው 10 ሰዓት ከ30፣ ሁለተኛው፣ የእኔው፣ 10 ሰዓት ከ40 ነው። ከዚያ በቦሌ ለሚ አድርገን፣ በአይሲቲ ፓርክ በኩል ጎሮ ወጥተን፣ በኢምፔሪያል አቅጣጫ ቦሌ እንገባለን። መንገዱ ባዶ ስለሆነ 11 ሰዓት ከ20 ገደማ በር ላይ ነን። ማታ 12 ሰዓት ከ15 ላይ እዚያው ቆመው ይጠብቁናል። ክፍያው በወር 4,000 ብር ነው፤ በቴሌብር ይላካል፣ ወሩ በገባ በአምስት ቀን ውስጥ። በስልክ በሚጠራ ታክሲ በዚያ ሌሊት አንድ መንገድ ብቻ 600 ብር ከፍዬ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ስለ ዋጋው ብዙ የምለው የለኝም። ተገቢ ነው።

ሰዓት አክባሪነታቸውን ግን ቆም ብዬ ልናገር እወዳለሁ። በሰባት ወር ውስጥ ከአምስት ደቂቃ በላይ የዘገዩት ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ አስቀድመው ደውለዋል። ለእኛ ሰፈር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሕንፃው እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ መብራት የለውም፤ ውሾቹ በቡድን ነው የሚሄዱት፤ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ሴት ልጅ በዚያ ጨለማ አሥር ደቂቃ ቆማ መጠበቋና ሁለት ደቂቃ መጠበቋ አንድ አይደለም። እርሳቸው ይህን ስለሚያውቁ ቀድመው ደርሰው የመኪናውን መብራት ወደ እግረኛው መንገድ አዙረው ይቆማሉ። ከደረጃው ስወርድ ያ መብራት ጭቃው ላይ ተዘርግቶ አየዋለሁ፤ ድንጋዩን እየመረጥኩ እረግጣለሁ።

ከእርሳቸው በፊት ሌላ ሰርቪስ ለአምስት ወር ተጠቅሜያለሁ። ስሙን አልጠራም። ሾፌሩ ወጣትና ትሁት ልጅ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ግን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ በከተማው መስመር ታክሲ ሲሠራ ውሎ በማግስቱ ሌሊት 10 ሰዓት እኛን ያነሳል። አንድ ቀን ጎሮ ልንደርስ ስንል ከፊት ወንበር ሆኜ አንገቱ ወደ ደረቱ ሲወርድ አየሁት። መኪናው ቀስ እያለ ወደ ቦዩ ሄደ። ረዳቱ ትከሻውን መታው፣ መሪው ተመለሰ፣ አንዲት የበረራ ምግብ ክፍል ሠራተኛ «በስመ አብ» አለች፣ ከዚያ ማንም ምንም አልተናገረም። አውሮፕላን በሰላም እንዲበር የምንለፋ አሥራ ሁለት ሰዎች ቦዩ ውስጥ ልንቀር ምን ያህል እንደቀረን የሚለካ መሣሪያ አልነበረንም። ከዚያ ሳምንት በኋላ አልተሳፈርኩም። ባለቤቱን አግኝቼ ነገርኩት፤ «ልጁ ጠንካራ ነው፣ ይችላል» ነበር መልሱ።

ጋሼ ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከራዲዮው በታች፣ አንዲት በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ደብተር አለቻቸው። መጀመሪያ የገንዘብ መዝገብ መስላኝ ነበር። አንድ ቀን ነዳጅ ሲቀዱ ገጿ ተገልጦ አየሁት። ቀኑ አለ፤ ከጎኑ «ተኛሁ 2፡30፣ ተነሳሁ 9፡45» የሚል በእስክሪብቶ የተጻፈ መስመር አለ፤ ከዚያ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር። ገጹ ሙሉ እንዲህ ነው። ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ስድስት ሰዓት ካልሞላ አልነዳም። ሰው ጭኛለሁ» አሉኝ። ቀድሞ የረጅም መንገድ ከባድ መኪና ይነዱ ነበር፤ በዚያ ዘመን እንቅልፍ ያጡባቸውን ሌሊቶች እያስታወሱ ነው ደብተሯን የጀመሯት። ከዚያ በላይ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

አንድ እሑድ ማታ 2 ሰዓት ላይ ደወሉ። ልጃቸው ታሞ ሁለት ሌሊት ሐኪም ቤት አድረዋል። «ነገ እኔ አልነዳም፤ አልተኛሁም። የወንድሜን ልጅ ልኬላችኋለሁ፣ ዛሬ ቀኑን ሲተኛ ውሏል» አሉ። በማግስቱ የመጣው ልጅ መንገዱን በደንብ አያውቅም ነበርና አሥር ደቂቃ ዘገየን። አንድ ተሳፋሪ አጉረመረመ። እኔ ግን መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ስለዚያ ስልክ ብቻ ነበር የማስበው። በእኛ ሙያ «ዛሬ ለሥራ ብቁ አይደለሁም» የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ሰው ሳይፈራ እንዲናገረው ለማድረግ ስንት ሕግ ተጽፏል!

ይህን ያህል ስለ እንቅልፍ ለምን እንደማወራ ላስረዳ። የፊተኛውን ሰርቪስ ትቼ ይህን እስካገኝ ድረስ የነበረው ሕይወቴ በሰዓት ሲቆጠር እንዲህ ነበር። ማታ 12 ሰዓት ከሥራ እወጣለሁ። ጎሮ ላይ ወረፋ ይዤ፣ ታክሲ ተጋፍቼ፣ ቤት የምደርሰው 2 ሰዓት ተኩል ነው። እራት፣ የልጄ የቤት ሥራ፣ የነገ ምሳ፤ ጎኔ አልጋ የሚነካው 5 ሰዓት ላይ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል መነሳት አለብኝ። አራት ሰዓት ተኩል እንቅልፍ፣ አራት ቀን በተከታታይ፤ የእኛ አሠራር አራት ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ማረፍ ነውና። አሁን ማታ 1 ሰዓት ከሩብ ቤት ነኝ፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እተኛለሁ፣ 10 ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሥራው ያው፣ ፈረቃው ያው፣ ሰፈሩም ያው ነው። የተቀየረው መኪናው ብቻ ነው።

በአሮጌው ኑሮዬ፣ ከአራቱ የሥራ ቀናት በሦስተኛው ላይ፣ ለበረራ የሚዘጋጅ ሴስና ካራቫን የተባለ ትንሽ አውሮፕላን የሞተር ዘይት አይቼ ሽፋኑን ዘጋሁ። መቆለፊያዎቹን አንድ በአንድ በእጄ ነካሁ። መዝገቡ ላይ ፈረምኩ። መሣሪያዬን ለመመለስ ወደ ሰሌዳው ሄድኩ። ሰሌዳችን ላይ እያንዳንዱ መሣሪያ በሚንጠለጠልበት ቦታ የራሱ ቅርጽ በነጭ ቀለም ተስሏል፤ የጎደለ ነገር ካለ ቅርጹ ባዶውን ያፈጥብሃል። የእጅ ባትሪዬ ቅርጽ ባዶ ነበር። ኪሴን ዳሰስኩ፣ ጠረጴዛውን አየሁ፣ ከዚያ ጉልበቴ ከዳኝ። ሽፋኑን ስከፍተው ባትሪው ከአንድ ቱቦ አጠገብ፣ ራሴ ባስቀመጥኩበት ቦታ፣ እንደበራ ነበር። አውሮፕላኑ ሊነሳ የቀረው ጊዜ አንድ ሰዓት አይሞላም። አለቃዬ ዘንድ ሄጄ ያደረግኩትን ተናገርኩ። አልተቆጣኝም። «ስንት ሰዓት ተኛሽ?» ነው ያለኝ። ያን ዕለት ማታ ነው አዲስ ሰርቪስ መፈለግ የጀመርኩት።

በሥልጠና ላይ ከተማርናቸው አደጋዎች መካከል ከአእምሮዬ የማይወጣ አንድ አለ። በሰኔ 1982 ዓ.ም. ከእንግሊዝ በርሚንግሃም ወደ ስፔን ማላጋ የሚሄድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን ከፍታ በመያዝ ላይ ሳለ የፊት መስታወቱ ተነቅሎ ወጣ። ዋና አብራሪው እስከ ወገቡ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመዘዘ፤ የበረራ አስተናጋጆቹ እግሩን ይዘው ቆዩ፣ ረዳት አብራሪው አውሮፕላኑን ሳውዝሃምፕተን አሳረፈው፣ አብራሪውም ተረፈ። መስታወቱ የተገጠመው ሌሊት ከ9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነበር። ከ90 ብሎኖች 84ቱ ከሚገባው ቀጠን ያሉ፣ የቀሩት 6 ደግሞ አጭር ነበሩ። ብሎኖቹን የመረጠው ልምድ ያለው የፈረቃ ኃላፊ ነው፤ በአካል ከአሮጌዎቹ ጋር እያስተያየ ነበር የመረጣቸው። የውፍረታቸው ልዩነት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። በዚያ ሰዓት የሰው ዓይን ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ የሌሊት ፈረቃ የሠራ ሁሉ ያውቃል።

ስለ ዕረፍት ሕጎች የማነበው ከዚህ የተነሳ ነው። በየካቲት 2001 ዓ.ም. አሜሪካ ቡፋሎ አቅራቢያ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ሞተ። መርማሪዎቹ ዋናውን ምክንያት አብራሪው ለማስጠንቀቂያው በሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ላይ ቢያደርጉትም የሁለቱን አብራሪዎች ድካም አንስተዋል። ረዳት አብራሪዋ ሥራዋ ኒውዋርክ፣ ቤቷ ግን በአገሪቱ ሌላ ጫፍ ሲያትል ነበር፤ ሌሊቱን በአውሮፕላን ስትጓዝ አድራ ነው ወደ ሥራ የገባችው። የሟች ቤተሰቦች ምክር ቤቱን ደጅ ሲጠኑ ከርመው በ2002 ዓ.ም. የአየር መንገዶች ደኅንነት ሕግ ወጣ። እሱን ተከትሎ የመጣው ደንብ አብራሪ ከበረራ በፊት 10 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኝ፣ ከዚያም ውስጥ 8 ሰዓት ሳይቋረጥ የመተኛት ዕድል እንዲኖረው ያዛል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ደግሞ የበረራ አስተናጋጆች 10 ሰዓት እንዲያርፉ ተደነገገ። በግንቦት 8 ቀን 2016 ዓ.ም. የተፈረመው የአምስት ዓመት የአሜሪካ አቪዬሽን ሕግ ከ105 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድቦ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ቅጥር እንዲጨምር፣ ለአብራሪዎችና ለጥገና ባለሙያዎች ሥልጠና ድጋፍ እንዲሰጥ፣ በአብራሪው ክፍል ያለው የድምፅ መቅጃ በሁለት ሰዓት ፋንታ 25 ሰዓት እንዲይዝ አዝዟል። በዚያው ዓመት ለተቆጣጣሪዎቹ በፈረቃዎች መካከል 10 ሰዓት፣ ከሌሊት ፈረቃ በፊት 12 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጣቸው ተወስኗል።

የጥገና ሠራተኛው ግን? በዚያው አገር ለትልልቅ አየር መንገዶች የተጻፈው ደንብ ለእኛ ሙያ የሚለው በሰባት ቀን ውስጥ 24 ሰዓት ዕረፍት፣ ወይም በወሩ ውስጥ ተመጣጣኙን ነው። ብሎን የሚያጠብቀው እጅ ከመሪው ጨባጭ እጅ ያነሰ ተጠብቋል ማለት ነው፤ ይህ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ሥራን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል፣ በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍትም ይሰጣል። መልካም ነው። ነገር ግን የዕረፍት ሰዓት የሚቆጠረው ሠራተኛው ከሥራ ከተለቀቀበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። የአሜሪካው የ10 ሰዓት ደንብም ለአብራሪዎቹ እንዲሁ ነው የሚቆጥረው። ጎሮ ላይ በወረፋ የቆምኩበት ሰዓት በወረቀት ላይ ዕረፍት ነው። መንገዱ የበላው እንቅልፍ በየትም መዝገብ አይጻፍም፤ ከጋሼ ደብተር በስተቀር።

የመጋቢት 1 ቀን 2011ን እሑድ ማንም አልረሳም። ከቦሌ ተነስቶ ወደ ናይሮቢ ሲያቀና ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው 737 ማክስ 157 ሰው ይዞ ነበር። ከዚያ አራት ወር ተኩል ገደማ በፊት ኢንዶኔዥያ ላይ ከወደቀው ጋር የሟቾቹ ቁጥር 346 ነው። ለዚያ መልስ ሆኖ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው የአውሮፕላን ማረጋገጫ ሕግ አምራቾች ስለ በረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ያላቸውን ወሳኝ መረጃ እንዳይደብቁ ያስገድዳል። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላው ክፍሉ ነው፦ ችግር አይተው የሚያጋልጡ የአውሮፕላን አምራች ሠራተኞችን ይጠብቃል፣ የደኅንነት ማረጋገጫ በሚሰጡ መሐንዲሶች ላይ ጫና የሚያሳድር አለቃንም ይቀጣል። በእኛ አፈር ላይ የፈሰሰ ደም በዋሽንግተን ሕግ ሆኖ ተጻፈ። ፍሬ ነገሩም አንድ ሠራተኛ «አይሆንም» ሲል እንዳይቀጣ ነው። ጋሼ ያን እሑድ ማታ ስልክ አንስተው «አልነዳም» ሲሉ የወሩን ክፍያ የሚቀንስባቸው፣ ተሳፋሪ የሚቀማቸው አለቃ አልነበረባቸውም። ስለዚህ ማለት ቻሉ።

ወደ መኪናው ልመለስ፤ የሚስተካከል ነገር አለና። የኋላው ወንበር ላይ ካሉት ሦስት የደኅንነት ቀበቶዎች አንዱ ብቻ ነው የሚሠራው። ሁለት ጊዜ ነግሬያለሁ፣ «አሠራለሁ ልጄ» ብለዋል፣ እስካሁን አልተሠራም። ስለ እንቅልፍ እንዲህ የሚጠነቀቁ ሰው በዚህ መዘግየታቸው ያሳዝነኛል። ቀበቶው እስኪሠራ ድረስ ኋላ ላይ ከአንድ ሰው በላይ ባይጭኑ ይሻላል ብዬ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፣ እዚህም እደግመዋለሁ። ሁለተኛው ቅሬታዬ በረራ ዘግይቶ ሥራችን ከ12 ሰዓት ሲያልፍ ነው፤ እስከ 12 ሰዓት ከ35 ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ይሄዳሉ። የሌሎቹን ዕረፍት ላለመብላት ነው፤ ምክንያታቸውን እቀበላለሁ። ሆኖም የሚቀር ሰው የጎሮውን ወረፋ ይመለስበታል። ሁለተኛ መኪና ቢኖር ይህ ይቀረፍ ነበር።

ጥሩዎቹን ጥቃቅን ነገሮች በአጭሩ፦ ጠዋት ሙዚቃ አይከፍቱም፤ ብዙዎቻችን እስከ አይሲቲ ፓርክ እናንቀላፋለን። ውስጡ ንጹሕ ነው። አዲስ ሰው ሲገባ ከሌላው ጋር ያስተዋውቁታል። ሻንጣ ፈታሽዋ ጎረቤቴ ጋቢ ትታ ስትወርድ ማታ አጥፈው ወንበሯ ላይ አስቀምጠውላት ነበር።

አሁን በመኪናው ውስጥ የሚወራው ስለ አቡሴራ ነው። ቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚሠራው አዲሱ አየር ማረፊያ አራት ማኮብኮቢያ የሚኖረውና ሲጠናቀቅ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ የሚያስተናግድ ነው፤ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ወጣቶቹ ስለ ሥራ ዕድሉ በደስታ ያወራሉ፤ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከአራብሳ ተነስቶ እዚያ 12 ሰዓት የሚገባ ቴክኒሺያን ስንት ሰዓት ይነሳል? የሠራተኛው መኖሪያና መጓጓዣ ከማኮብኮቢያው እኩል በዕቅድ መግባት አለበት። ይህን የምለው ለምቾት አይደለም፤ ያን የእጅ ባትሪ በእጄ ስለያዝኩት ነው።

አገልግሎቱን የምትፈልጉ የሰፈሬ ሰዎች፣ በዚህ ወር ሁለት ቦታ ክፍት እንደሆነ ትናንት ነግረውናል። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው ማንሻ ቦታ ቁሙ፣ መብራቱን ወደ እግረኛው መንገድ ያዞረውን ነጭ ሀይሩፍ ታገኙታላችሁ። ጋሼ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ፈረቃችሁ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ነው፤ ስለ ክፍያው የሚያወሩት ከዚያ በኋላ ነው። የኋላውን ወንበር ከሰጧችሁ ቀበቶው መሥራቱን አይታችሁ ተቀመጡ።